ሦስት ስም የነበረው ጠጅ ቤት

ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ ስንወርድ ሙቀቱ አውቶቡሱን ሞላው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። የአሁኑ ጉዞዬ አንድ ጠጅ ቤት ፍለጋ ነበር። አባቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጅማ ሲያስተምር የሚያመሽበት ቤት።

ጠጅ ቤቱ ታፔላ አልነበረውም። የዛሬን አያድርገውና፣ የድሮ ጠጅ ቤት የሚጠራው በባለቤቷ ስም ነው፤ «እነ እትዬ እከሊት ቤት» ይባላል፣ በቃ። አባቴ የነገረኝን ስም ይዤ ፈረንጅ አራዳን ግማሽ ቀን ዞርኩ። የሚያውቅ ጠፋ።

ሰፈሩ ራሱ ታሪክ ነው። ከጣሊያን በፊት ንጉሡ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ንግዱ ደግሞ ታች ሂርማታ ገበያ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲቆይ አዲስ ከተማ ቆረቆረ። ፎቅና በረንዳው የዚያ ዘመን ነው።

በመጨረሻ በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ደረስኩ። ስሙን ስነግራቸው ሲንጀራቸውን አቆሙ።

«እሷን ማን ነገረህ ልጄ?»

«አባቴ። እዚህ መምህር ነበር።»

ቤቱ የአንድ ቡና ነጋዴ ነበር አሉኝ። እትዬ ተከራይተው ጠጅ ይጥሉ ነበር፤ ማሩ ከጫካ ቀፎ፣ ጋኑ በወይራ የታጠነ። ሐምሌ 1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ነጋዴው ቤቱን አጣ። ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ ይሄም አብሮ ገባ። ኪራዩ እንኳ ቀንሶላቸው ነበር። ቤቱን የጎዳው ሰዓት እላፊው ነው። ጠጅ ቤት የሚደምቀው ማታ ነዋ! ሰው ብርሌውን ሳይጨርስ እየተነሳ ይሮጣል። እትዬም ደከሙና ለአሳላፊያቸው ለቀቁላት።

ያኔ የቤቱ ስም በአሳላፊዋ ተተካ። ከእሷ በኋላ የገባው ሰውዬ ጠጁን ትቶ ቢራ ቤት አደረገው፤ ስሙም የእሱ ሆነ። ለካ ጠዋት የጠየቅኳቸው ሰዎች ቤቱን ያውቁታል፤ በሌላ ስም ነው እንጂ። ይህ በጣም አሳዘነኝ። እዚያ ቤት ሃያ ዓመት የለፉ ሴት ስማቸው የቀረው በሁለት ሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነው።

ቦታው ላይ አሁን ሕንፃ መሳሪያ መደብር ቆሟል። ከጓሮው የዝግባ ዛፍ አለ።

ለአባቴ ደወልኩና ስልኩን ለአዛውንቱ ሰጠኋቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ክርክር ገጠሙ፤ የእትዬ ጠጅ ገሾው ይበዛ ነበር፣ አይበዛም ነበር። አባቴ አይበዛም ባይ ነው። መሃል ላይ የስልኬ ሒሳብ አለቀ። ካርድ ልገዛ ወደ ሱቅ ሮጥኩ።