የባቲ ሰኞ ገበያና የሚዶ ምርጫ

የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደጋውን ለቆ ቆላ ሲገባ፣ ከአየሩ ጋር የፀጉሩም አያያዝ ይለወጣል። ደጋው ላይ የሚበዛው ለሹሩባ ፀጉር የሚከፈልበት አጭር ሚዶ ነው፤ ገበያው ውስጥ ግን የአፋር ጎበዛዝት ቅቤ የጠገበ ጎፈሯቸው ላይ ባለረጅም ጥርስ የእንጨት ሚዶ ሰክተው ይታያሉ። ወሎ ውስጥ ሚዶን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም።

የእንጨት ሚዶ አንስቼ መጀመሪያ የማየው የእንጨቱን ጅማት ነው፤ የእጀታው ጌጥ ይቆየኝ። ጅማቱ ከእጀታው ተነስቶ በጥርሱ ርዝመት ቁልቁል መውረድ አለበት። ጥርሱን አግድም ካቋረጠው፣ ፀጉሩ ትንሽ እንደተቋጠረ ጥርሱ ከሥሩ ይቀነጠሳል። እርጥብ ሳለ የተጠረበ እንጨትም አይረባም፤ ሲደርቅ ይጣመምና ጥርሶቹ ይቀራረባሉ። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቀጭን ጥርስ ይችላል። ቀጥሎ ጥፍርን በጥርሶቹ መሐል ማሳለፍ ነው፤ ጥፍር የያዘ ሸካራ ጥርስ ፀጉርንም ይበጥሳል። እንዲህ ያለው በጠርሙስ ስባሪ ተፍቆ ቅቤ ቢታሽ ይለሰልሳል። የፕላስቲኩ ጣጣ ሌላ ነው፦ ቅርጽ ማውጫው ሁለት ወገን የተጋጠመበት ስለታም መስመር ጥርሱ ላይ ይቀራል።

ለጎፈሬ የጥርሱ ርዝመት ወሳኝ ነው። አጭሩ ላይ ላዩን ሲያበጥር ሥሩ ተቋጥሮ ይቀራል። ፀጉሩን በውሃ ወይም አደስ በገባበት ቅቤ አርሶ፣ ከጫፍ ጀምሮ እየፈቱ ወደ ሥር መሄድ ይገባል፤ ከሥር የጀመረ ሰው ቋጠሮውን ሁሉ ጫፍ ላይ ይከምረዋል። ከተፈታ በኋላ ነው ሚዶውን ሥር አስገብቶ ወደ ውጭ ማንሳት።

በሁለት ወገን ጥርስ ያለው የቅማል ማበጠሪያ ሐሳቡ እጅግ የቆየ ነው። ላኪሽ በተባለው ጥንታዊ የከነዓን ከተማ በፈረንጆቹ 2016 የተገኘው የዝሆን ጥርስ ማበጠሪያ በአንድ ወገን 6 ወፋፍራም፣ በሌላው 14 ቀጫጭን ጥርሶች ነበሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1700 ገደማ የተጻፈበት ቃል የፀጉርንና የጢምን ቅማል እንዲነቅል የሚመኝ ነው። ዛሬም ቅጫም የሚይዘው ክፍተቱ ከ0.3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን ነው። እርጥብ ፀጉር ላይ፣ በየ3 ወይም 4 ቀኑ ለ2 ሳምንት ይደጋገማል፤ ቅጫሙ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል አንድ ጊዜ ማበጠር አይበቃም።

የፕላስቲኩ ወይም የብረቱ ማበጠሪያ 55 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ለ10 ደቂቃ ቢዘፈዘፍ ቅማሉ ይሞታል። የእንጨቱ ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅም ከጥርሶቹ ሥር ይሰነጠቃል። ስለዚህ የእንጨት ሚዶ ለየራስ ይሁን፤ በሳሙና ፈጠን ብሎ ታጥቦ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ቅቤ ይነካ።