የዕቁቡ ደብተር

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። "ከዚህ ነገር ካወጣኸኝ እመሰክራለሁ" ብዬ ነበር።

"መንግሥተ ሰማያት" ሲባል ትዝ የሚለኝ ለቅሶ ቤት ነበር። እናታችን ስታርፍ የመጣው ሰው ሁሉ "መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን" እያለ ነው የሚነሳው። ለእኔ ስንሞት የምንሄድበት አገር ነበረች። በቃ።

እናታችን ከማረፏ በፊት ለታናሽ እህቴ የዕቁብ ዋስ ሆኜላት ነበር። ዕጣው ወጣላት፣ ብሩን ወሰደች፣ ሱቅ ከፈተች። ሱቁ በስድስት ወር ተዘጋ። መክፈል አቆመች። የዕቁቡ ዳኛ እኔ ቤት መጣ። ዋስ ነኝና በወር 3,000 ብር፣ 14 ወር ከፈልኩ። 42,000 ብር። እያንዳንዷን በደብተር ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ አንድ ሆነ፤ "ጌታ ሆይ፣ ገንዘቤን መልስልኝ።" አራት ዓመት ሙሉ። ሌሊት እነቃለሁ፤ በልቤ ከእሷ ጋር ስጨቃጨቅ ይነጋል። በእናታችን ተዝካር ዕለት እጅጌዋን ሰብስባ ዕቃ ማጠብ ስትጀምር፣ በሰው ፊት "መጀመሪያ ብሬን!" አልኳት። እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ነበር። ሳታደርቀው ወጣች። እህል አልቀመሰችም።

ቅዳሴ ግን አላቋርጥም። ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ማለት ነው፣ ግራና ቀኝ ለማላውቃቸው ሰዎች እጅ እነሳለሁ። የእህቴን ቁጥር ብሎክ አድርጌዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። "ማቴዎስ 18ን ከቁጥር 23 ጀምረሽ አንብቢ። ቀስ ብለሽ" አሉኝ።

መንግሥተ ሰማያት ባሪያዎቹን ሊቈጣጠር የወደደን ንጉሥ ትመስላለች ይላል። ገረመኝ። በሂሳብ ትጀምራለች። አንዱ ባሪያ እልፍ መክሊት፣ 10,000 መክሊት ማለት ነው፣ ዕዳ አለበት። ንጉሡ ማረው። እሱ ግን ወጥቶ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀው።

በስልኬ አሰላሁት። ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይሆናል። እልፍ መክሊት እንግዲህ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት! መቶ ዲናሩስ? መቶ ቀን ሙሉ የተለፋበት ነው። ትንሽ አይደለም። እዚህ ላይ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ "ተዪው፣ ገንዘብ ነው" ሲለኝ ያንገበግበኝ ነበር። ጌታ ግን ላቤን አልናቀም። ቆጠረው። ቆጥሮ፣ ለእኔ ከተማረልኝ ዕዳ አጠገብ አስቀመጠው። "አነቀው" የሚለው ላይ ስደርስ ደግሞ ያ አረፋ ታየኝ።

ያን ሌሊት "መንግሥትህ ትምጣ" ስል፣ ወደዚህ ቤት ትምጣ ማለቴ ነበር። ፈሪሳውያን መቼ ትመጣለች ብለው ሲጠይቁት ጌታ "በመካከላችሁ ናት" ያላቸው የገባኝ ያኔ ነው (ሉቃስ 17፥21)። የሚመጣው ዓለም ተስፋዬ ነው፣ አልተውኩትም። ግን ንጉሡ ምሕረት ያደረገለት ሰው እሱም ሲምር፣ እዚያው መንግሥቱ ገብታለች።

ጠዋት ቁጥሯን ከብሎክ አውጥቼ ደወልኩ። አነሳችና ዝም አለች። ከዚያ "እትዬ፣ ታገሺኝ፣ እከፍልሻለሁ" አለች። ባልንጀራው ያን ባሪያ የለመነውን ልመና። ጉልበቴ ከዳኝ።

"ዕዳ የለብሽም። ነይ ቡና እንጠጣ" አልኳት።

ብሩ አልተመለሰም። ዋስም ድጋሚ የምሆን አይመስለኝም፤ ይቅርታና ዋስትና አንድ አይደሉም። እንቅልፌ ግን ተመልሷል። የደብተሩን ገጽ እሷ ራሷ ቀድዳ ከሰሉ ላይ ጣለችው፣ ጀበናው ሥር ነደደ።

ባለፈው እሑድ አብረን አስቀደስን። ዲያቆኑ "ተአምኁ" ሲል ዞርኩ። እሷ ቀድማ ዞራለች።