ድራግን የተማርኩት በመርፌ ነው

የምተዳደረው በስፌትና በድራግ ነው። በሥራ ቀን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ላውንደሪ ቤት ልብስ አስተካክላለሁ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ቅዳሜ ማታና እሁድ ረፋድ ላይ ደግሞ ዊግ አድርጌ፣ ታኮ ጫማ ተጫምቼ፣ ሴት ሆኜ መድረክ ላይ እወጣለሁ፤ ድራግ የሚባለው ይህ ነው። ይህን የሚያውቁ የሐበሻ ልጆች እንዴት እንደጀመርኩ ደጋግመው ይጠይቁኛል። አሁን አሁን ራሳቸው መሞከር የሚፈልጉ ወጣቶችም አሉ። የምጽፈው ለእነሱ ነው።

የመድረክ ስሜን አልጠቅስም። አዲስ አበባ ቤተሰብ አለኝ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በእስራት ያስቀጣል። ከሕጉ ሌላ ደግሞ የሰፈር ወሬ አለ። እኔ እዚህ ሆኜ ብናገር ዋጋውን የሚከፍሉት እዚያ ያሉት ናቸው።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እናቴ እሱ የሸመነውን ትሰፋለች። ጥለት ከቀሚስ ጋር እንዴት እንደሚገጥም፣ ፈትል ሲቆረጥ ጫፉ እንዴት እንደሚተረተር ያወቅኩት ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ስመጣ የያዝኩት ሙያ ይኸው ብቻ ነበር። ላውንደሪ ቤቱም የቀጠረኝ በዚሁ ነው።

አንድ ቀን አንድ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ወገቡ ላይ የተቀደደ፣ ሴኪን የሚባለው ትንንሽ የሚያብረቀርቅ ጌጥ የተሰፋበት ወርቃማ ቀሚስ ይዞ መጣ። "የምትለብሰው ሴት ትምጣና ልኳን ልውሰድ" አልኩት። "የምትለብሰው እዚህ ቆማለች" አለኝ። ሰፋሁለት። በሳምንቱ ሌላ ቀሚስ አመጣ፣ ቀጥሎ ጓደኞቹን አመጣ። ከዚያ ትርኢት ባለ ቁጥር መርፌና ክር ይዤ መጋረጃ ጀርባ መቆም ጀመርኩ። በድራግ ዓለም ጀማሪን የምታሠለጥን አንጋፋ "እናት" ትባላለች። ያ ሰውዬ እናቴ ሆነች።

ለጀማሪ የምሰጠው ዋናው ምክር ከዚህ የመጣ ነው። በመጀመሪያ ከመድረክ ጀርባ ሥራ። ልብስ ያዝ፣ ዚፕ ዝጋ፣ ውሃ አቀብል። አንዲት ድራግ በሁለት ዘፈን መካከል ልብስ ስትቀይር ማየት ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል። ምን እንደሚያስጨንቃት ታያለህ፤ የቱ ልብስ እንደሚያምር ብቻ ሳይሆን የቱ ልብስ ላብ ሲነካው እንደማይወልቅም ታውቃለህ።

ፊት ላይ ከባዱ ቅንድብ ነው። መላጨት አያስፈልግም። ተማሪዎች የሚጠቀሙበትን ስቲክ ኮላ በፀጉሩ አቅጣጫ እየተጫኑ መለጠፍ ነው። ሲደርቅ ይደገማል። ፓውደር ከላዩ፣ ከዚያ ፋውንዴሽን። ጢም ከቆዳ ሥር የሚያሳየውን ሰማያዊ ጥላ ብርቱካናማ ቀለም ያጠፋዋል፤ ለጠይም ቆዳ ቀላ ያለው ይሻላል። አዲሱ ቅንድብ ከድሮው ከፍ ብሎ ይሳላል። ግንባር የነበረው ቦታ የዓይን ቆብ ይሆንልሃል፣ ዓይንህ ከሩቅ ይነበባል። ዳሌ ደግሞ ከሶፋ ስፖንጅ ነው የሚሠራው። በኤሌክትሪክ የወጥ ቤት ቢላ ይቀረጻል፤ መሃሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ስስ። ጠርዙ ካልሳሳ መብራት ሥር መስመሩ ይታያል። ከላዩ ሦስት አራት ስቶኪንግ ይደረባል።

በጣም የምወደው ሥራዬ የቡናው ትርኢት ነው። ሦስት ቡና፣ ሦስት ልብስ። አቦል ላይ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላ ተከናንቤ ረከቦት ፊት እቀመጣለሁ። ቶና ላይ ቀሚሱ ይወርድና የ1960ዎቹ አዲስ አበባ ሚኒ ቀሚስ ይወጣል። ነጠላው ጨፍልቆ የያዘው አፍሮ ሲለቀቅ ይነፋል። ቤቱ ያብዳል። በረካ ላይ ሚኒውም ይወልቃል፤ ከሥሩ ያለው ከላይ እስከ ታች ሴኪን ነው። ፈንድሻ እየበተንኩ በጠረጴዛዎቹ መሃል እሄዳለሁ።

ይህን ቀሚስ ለመሥራት ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል። ሌሎች ድራጎች በአንድ ጊዜ ለሚወልቅ ልብስ ቬልክሮ ይጠቀማሉ። ቬልክሮ ግን ፈትል ይበላል። ጥርሱ ክሩን እየነከሰ ያወጣዋል። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚወርደውን ጥለት መሃል ለመሃል ከፍዬ በእጥፋቱ ውስጥ ትንንሽ ማግኔት ቀበርኩበት። ሲዘጋ ጥለቱ አንድ ወጥ ይመስላል። ሲጎተት ከአንገት እስከ እግር ባንዴ ይከፈታል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሥራ ዋሽንግተን ላይ እንዲህ ሲጨበጨብለት ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አባቴ ያኔ ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ይህን ቢያይ ብዬ አስባለሁ።

እስክስታም ለድራግ የተፈጠረ ይመስለኛል። ኮርሴት ወገብን ያስራል፣ መተንፈስ ይከለክላል፤ ትከሻን ግን ነፃ ይተዋል። ትከሻው ላይ ዘርፍ እሰፋለሁ፤ ዘርፉ እንቅስቃሴውን እጥፍ አድርጎ እስከ ኋላው ወንበር ያደርሰዋል። የአማርኛ ዘፈን ስሠራ አብዛኛው ተመልካች ቃሉ አይገባውም፣ የሚከተለው ትከሻዬንና ዓይኔን ነው። እኔ ግን የዘፋኙን ድምፅ እየተከተልኩ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሬ በትክክል ነው የማንቀሳቅሰው። ምክንያቱም ሁልጊዜ ከኩሽና ብቅ ብላ የምታይ አንዲት ሐበሻ አለች። እሷ ስታጨበጭብ ትርኢቱ እንደሠራ አውቃለሁ።

ቀልዱን የተማርኩት ካዛንቺስ ነው። ወላጅ እናቴ ለአዝማሪ ቤት ተወዛዋዦች ቀሚስ ትሰፋ ነበር፤ የማደርሰው እኔ ነኝ። ቀሚሱን ካስረከብኩ በኋላ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ አንዱን እንግዳ ይመርጣል። መጀመሪያ ያወድሰዋል፦ መልኩን፣ ዘሩን፣ ለጋስነቱን። ከዚያ ይነካዋል፦ ቦርጩን፣ ሚስቱን መፍራቱን። ቤቱ በሳቅ ሲፈነዳ መልሶ ያነሳዋል። እንግዳው ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። አንዱ ደግሞ "ተቀበል!" ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን የድራግ ትርኢት ዲሲ ውስጥ ሳይ ይኸው ቤት ነው የታወሰኝ። የሚነካካ ተጫዋች፣ የሚስቅ እንግዳ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ብር። ስለዚህ ቀልዴን ሁሉ በአዝማሪው ቅደም ተከተል ነው የምሠራው። ማወደስ፣ መንካት፣ መልሶ ማንሳት። ሦስተኛዋን የሚዘሉ ኮሜዲያን አሉ፤ ሰው ይስቅላቸዋል፣ ተመልሶ ግን አይመጣም።

መድረክ ላይ የምጫወታት ሴት የሁላችንም አክስት ናት። ሁሉን ሰው ልታበላ፣ ሁሉን ሰው ልትድር የምትፈልግ። ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ወንድ ካየች "ልጄ፣ ስልኩን ተወው፤ እሱ አያገባህም" ትለዋለች። ሰላጣ ብቻ ያዘዘችውን ልጅ "ማነው ቂም የያዘብሽ? ንገሪኝ፣ ላስታርቅሽ" ትላታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙ የሚመስሉ ጥንዶች ዘንድ ስትደርስ ልጁን "ሽማግሌ ልከሃል ወይስ ለቁርሱ እንቁላል ብቻ ነው የመጣኸው?" ትለዋለች። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሽማግሌ መላክ ምን እንደሆነ ባጭሩ አስረዳለሁ፣ ማስረዳቱ ራሱ ያስቃል። ከመናገሬ በፊት ግን ዓይን አያለሁ። ዓይኑን የሸሸኝን ሰው አልነካም። አንዳንዱ ሰው እሁድ ጠዋት የሚመጣው ከባድ ሳምንት አሳልፎ ነው፤ ዳር ተቀምጦ መሳቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ያ መብቱ ነው።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ ልበል። ከመስማማትህ በፊት የተቆረጠ ክፍያ አለ ወይስ ቲፕ ብቻ ነው ብለህ ጠይቅ፤ በጽሑፍ ይሁን። ብዙ ቤት የሚከፍልህ እንደ ግል ተቋራጭ ነው፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ለግብር የሚያገለግለው ፎርም 1099 ይመጣል። ስለዚህ የዊግ፣ የጨርቅና የሜካፕ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። አንድ ቤት ከትርኢት በኋላ ክፍያዬን አሳንሶ ሲሰጠኝ የረዳኝ የጽሑፍ መልእክቱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህ ሥራ የእኔ አይደለም የሚል ስሜት ነበረኝ። የሰው ሀገር፣ የሰው ባህል። ይህን ለድራግ እናቴ ስነግራት ስለ ዊሊያም ዶርሲ ስዋን አወራችኝ። ስዋን ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁር ወንዶች ቀሚስ ለብሰው የሚጨፍሩበት ድግስ ያዘጋጅ ነበር፤ ራሱን የድራግ ንግሥት ብሎ ይጠራ ነበር። ሚያዝያ 1888 ፖሊስ ድግሱን ሲወር ሌሎች እንዲያመልጡ ከፖሊሶቹ ጋር ታገለ። በ1896 ታስሮ ፕሬዝዳንት ክሊቭላንድን ምሕረት ጠየቀ፤ ተከለከለ። "ይህን የጀመረው ምንም ያልነበረው ሰው ነው፤ አንተ ቢያንስ መርፌ አለህ" አለችኝ። እኔም ሳስበው በሀገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴአትሮች ላይ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እዚሁ ዋሽንግተን ያለው አዳምስ ሞርጋንም ባዕድ ሰፈር አይደለም። በ1980ዎቹ ሐበሻ ምግብ ቤት የከፈተው እዚያው 18ኛ መንገድ ላይ ነው። ፔሪስ የተባለው ምግብ ቤትም የእሁድ ድራግ ብራንቹን፣ ማለትም ረፋድ ላይ ሰው እየበላ የሚያየውን ትርኢት፣ በ1991 የጀመረው እዚያው ሰፈር ነው። እንጀራና ድራግ ጎረቤት ሆነው ነው የኖሩት።

ፍቅረኛዬ የጎንደር ልጅ ነው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። የተዋወቅነው የደንብ ልብስ ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ ነው። ቀጥሎ ያመጣው ሱሪ ምንም የሚያጥር ነገር አልነበረውም፤ እኔም ተቀብዬ ቀጠሮ ሰጠሁት። ስለ ድራጉ ስነግረው ደነገጠ። እኔን አልፈራም፣ የፈራው የአክስቱን ልጆች ነው። ሁለታችንም የምንኖርበት ስምምነት አበጀን። አብረን የተነሳነው ፎቶ የትም አይለጠፍም። ሰኞ ቤት ውስጥ ስለ ድራግ አይወራም። ዊጎቹ የራሳቸው ቁም ሳጥን አላቸው። ለትርኢት ሲመጣ ኩሽናው አጠገብ ያለውን ወንበር ይመርጣል፤ ሐበሻ ከገባ ቶሎ ይወጣል። ይህ ያሳዝነኛል፣ ግን ፍርሃቱ ትክክለኛ ፍርሃት ስለሆነ አልታገለውም።

ቀልዶቼን መጀመሪያ የሚሰማቸው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲሳፈርና ሲወርድ የሚያይ ሰው ስለሆነ ማን በምን እንደሚስቅ ያውቃል። የስልኩን ቀልድ የሰጠኝም እሱ ነው። ማታ ስመለስ ኮርሴቱን ይፈታልኛል፤ የጀርባ ማሰሪያ በራስ እጅ አይፈታም። እየፈታ የየትኛው ጠረጴዛ ሳቅ እውነተኛ እንደነበር ይነግረኛል።

እናቴ፣ የወለደችኝ እናቴ፣ ለመድረክ ልብስ እንደምሰፋ ታውቃለች። ማን እንደሚለብሰው አልነገርኳትም። የቡናውን ቀሚስ መስቀያ ላይ ሰቅዬ በቪዲዮ አሳየኋት።

"ጥለቱን መሃሉን ለምን ከፈትከው?" አለችኝ።

"መድረክ ላይ እንዲወልቅ ነው፣ እማዬ።"

ጠጋ ብላ አየችው። "የምትለብሰው ረጅም ናት።"

"አዎ፣ ረጅም ናት።"

"እንግዲያው ጠርዙን በድርብ ስፋው። የመድረክ ልብስ ጎታቹ ብዙ ነው" አለችኝ።

በድርብ ሰፋሁት። ብዙ ተጎትቷል፣ እስካሁን አልተተረተረም።

አሁን እየተዘጋጀሁ ያለሁት ለ17ኛ መንገድ የታኮ ጫማ ሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል፣ ከሃሎዊን በፊት ባለው ማክሰኞ ማታ፣ ዱፖንት ሰርክል አካባቢ ድራጎች ቀሚስ ለብሰው ይሮጣሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያያል። ለመሮጥ የሚያስብ ካለ ሰፊ ታኮ ይምረጥ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚታሰር ይሁን። ልምምዱንም ምንጣፍ ላይ ሳይሆን አስፋልት ላይ ያድርግ። ፍቅረኛዬ ዘንድሮ እኔም እሮጣለሁ ብሏል። ያን ሁሉ ሜካፕ ከተቀባሁ የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ቢቆምም አይለየኝም ይላል። እግሩ 45 ቁጥር ነው፤ ቀይ ጫማ አግኝተንለታል። ልኩን ትናንት ወስጃለሁ። ጨርቁን ገና አልቆረጥኩም፣ ኪስ ይኑረው እያለ ነው።