ስምሪቷ፣ ጂፒኤሱና አንቀጽ 3

አዳማ ላይ የጭነት መኪና ድርጅት ነገረ ፈጅ ከሆንክ ግማሽ ቀንህ የጎማና የጅቡቲ መስመር ወሬ ነው። ያን ቀን ግን ሥራ አስኪያጁ ያስጠሩኝ በኮምፒዩተር ወንጀል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪኖቹን በጂፒኤስ የምትከታተል አንዲት የስምሪት ሠራተኛ አለች። የአንዱ ሾፌር ሚስት ደወለችላት። "ባሌ ሚሌ ደርሻለሁ ይላል፣ እውነቱን ነው?" ልጅቷ በራሷ የይለፍ ቃል ገብታ አየች። መኪናው አዋሽ ሰባት ቆሟል፤ ያውም ከትናንት ማታ ጀምሮ። ነገረቻታ! ሾፌሩ ቤቱ ሲገባ ምን እንደጠበቀው እናንተው ገምቱ። በማግስቱ ቢሮ መጥቶ ቀወጠው።

ሥራ አስኪያጁ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁን፣ ቁጥር 958/2008ን፣ አትመው ጠበቁኝ። አንቀጽ 3ን በቀይ አስምረውበታል። ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ ውጪ ሆነ ብሎ የኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም ዳታ ውስጥ የገባ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ሊደርስበት ይችላል።

"ፈቃድ የሰጠኋት ለሥራ ነው፤ የሰው ትዳር እንድትሰልል አይደለም። ክሰሳትና ትታሰር።"

"ጋሼ፣ ይቺ ጥያቄ የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ለሁለት ከፍላለች" አልኳቸው።

እዚያ ጆርጂያ ውስጥ ቫን ቡረን የሚባል ፖሊስ ገንዘብ ተቀብሎ አንድ ታርጋ በፖሊስ ዳታቤዝ ፈለገ። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ለካ ከኤፍቢአይ ጋር ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከተፈቀደለት በላይ አልፎ መረጃ ያገኘን ሰው ይቀጣልና 18 ወር ተፈረደበት። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ይህ ሕግ እሱን አይነካውም አለ። ዳታቤዙ ለእሱ ክፍት ነበር። ሕጉ የሚይዘው የተዘጋበትን ፋይል የከፈተውን ነው፤ የተከፈተለትን ለመጥፎ ዓላማ ያየውን አይደለም። ያለዚያማ በቢሮ ኮምፒዩተር ዜና ያነበበ ሠራተኛ ሁሉ ወንጀለኛ ሊባል ነው። ሰውዬው ንጹሕ ነው ግን አላሉም። የመሥሪያ ቤቱን ደንብ መጣሱ አላከራከረም።

"እሺ፣ ለጭነት የሰጠሁትን መኪና ሾፌሩ ሙሽራ ቢያመላልስበትስ? ቁልፉን ሰጥተኸዋል ልትለኝ ነው?"

ሳቄ መጣ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በልዩነት ሐሳባቸው ያነሱት ይህንኑ ነው። መኪና እንዲያቆም ቁልፍ የተሰጠው ሰው ሊዝናናበት ቢወጣ ከፈቃዱ አልፏል ብለዋል። ክርክሩ የዋዛ አይደለም።

የእነሱ ፍርድ እኛን አያስገድድም። እዚያ ነገሩን የወሰነው "ከተፈቀደለት በላይ ማለፍ" ለሚለው ሕጉ ራሱ ያስቀመጠው ትርጓሜ ነበር፤ የእኛ አዋጅ አጻጻፉ ሌላ ነው፣ ዐቃቤ ሕግም ሰፋ አድርጎ ሊሞግትበት ይችላል። ግን የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 2 አለ። ዳኛ ሕጉ ያልጠቀሰውን ድርጊት ከተጠቀሰው ጋር በማመሳሰል ወንጀል መፍጠር አይችልም፤ ሲያጠራጥረው ደግሞ ሕግ አውጪው ያሰበውን ዓላማ ተከትሎ ይተረጉማል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ይሄ አንቀጽ የታሰበው ሰብሮ ለሚገባ እንጂ ወሬ ለምታቀብል ልጅ አይደለም።

ሥራ አስኪያጁን ያበረዳቸው ግን የሕግ ትንታኔዬ አልነበረም።

"ጋሼ፣ የልጅዎ ቪትዝ በድርጅቱ ጂፒኤስ ላይ ተመዝግባለች አይደል? ማታ ማታ የት እንዳመሸ የሚያዩት በየትኛው ፈቃድ ነው?"

"እኔ እኮ ሥራ አስኪያጅ ነኝ!"

"ድርጅቱ የባለአክሲዮኖች ነው።"

ወረቀቱን አጠፉና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ልጅቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሲያንሳት ነው የሚል ካለ አልከራከርም፤ የሰው ውሎ ለሚስቱ ማቀበል ሥራዋ አልነበረም። እኔ ደግሞ ማን ምን እንደሚያይ የሚወስን መመሪያ ጻፍኩ። ስምሪት የሚያየው በጉዞ ላይ ያለ መኪና ብቻ ሆነ፤ የቆመ መኪናና ያለፉ ቀናት መረጃ ለስምሪት ክፍሉ ኃላፊ ለሆነችው ሴት ብቻ። የአይቲው ልጅ በወረቀት ብቻ አላስቀረውም፣ ሲስተሙ ላይም ዘጋው። ቪትዟ እስካሁን ከዝርዝሩ አልወጣችም። ከእንግዲህ ግን አንዱ በኃላፊዋ የይለፍ ቃል ገብቶ ቢገኝ፣ አንቀጽ 3ን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ የምሄደው ራሴ ነኝ።