7ኛው ረድፍ

ከመሸ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። እንዲህ ሲሆን ሆዴን ባር ባር ይለዋል፤ ደብተሩን የከፈትኩትም ስለዚያ ልጽፍ ነበር። ግን ጆሮዬ ዝናቡን እየሰማ ሐሳቤ ሄዶ የኤሌክትሪክ ብስክሌቴ ሞተር ገመድ ላይ ዐረፈ።

የኋላ ጎማ መሀል በሚገጠም ሞተር ውስጥ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚገባው ገመዱን ተከትሎ ነው። ገመዱ ከፍሬሙ ተነስቶ ወደ አክስሉ፣ ጎማውን ወደሚይዘው ዘንግ፣ ቁልቁል ከወረደ ጠብታው በላዩ እየተንሸራተተ ሰተት ብሎ ይገባል። ከአክስሉ በታች ትንሽ ረገብ ብሎ ሽቅብ ከተመለሰ ግን ውሃው እዚያው ተንጠባጥቦ ያልቃል። ውስጡ ከረጠበ ቶሎ ከሚታመሙት መካከል የሞተሩን አቀማመጥ የሚያነቡት ሦስቱ ሆል ሴንሰሮች ናቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ይንተባተባል። ያኔ ለሞተሩ ኃይል የሚያድለውን ኮንትሮለር አብርቶ፣ ጎማውን በእጅ ቀስ እያሉ እያዞሩ የሦስቱን የምልክት ሽቦ በቴስተር መለካት ነው። እያንዳንዱ ከ0 ወደ 5 ቮልት አካባቢ እየወጣ መውረድ አለበት፤ ንቅንቅ የማይለው ሞቷል። ውስጡ ማርሽ ያለው ሞተር ከሆነ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ወደ ፊት ሲዞር ጎማው እንጂ ውስጡ አይንቀሳቀስም።

ያው ገመድ የሚወጣው በአክስሉ በኩል ስለሆነ አክስሉ ከቦታው ከዞረ ጠቅልሎ ይበጥሰዋል። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ሞተሩ በ40 ኒውተን ሜትር ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ አክስሉ በዚያው ኃይል ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል። የሚይዘው ደግሞ ሁለት ጎኑ ተሞርዶ 10 ሚሊሜትር የቀረ ብረት ነው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ግፊቱ ከ3000 ኒውተን በላይ፣ የ300 ኪሎ ሸክም ያህል ይሆናል። ያው ኃይል አክስሉን ከፍሬሙ ጋር በሚያያዝ የ10 ሳንቲሜትር የብረት ክንድ ጫፍ ሲያዝ ግን 400 ኒውተን ብቻ ነው። አንዲት ቁራጭ ብረት ይህን ሁሉ ታቀላለች። ቀዳዳዋ አክስሉ ላይ ጥብቅ ማለት አለባት፤ ትንሽ ክፍተት ካላት በተነሳን ቁጥር እንደ መዶሻ ትመታዋለች። ሲቆም ኃይል ወደ ባትሪ የሚመልስ ሞተር ከሆነ ግፊቱ አቅጣጫውን እየቀያየረ ዳዶውን ስለሚያላላው በሁለቱም ጎን ክንድ ይግባለት። የአሉሚኒየም ፍሬም ሳይታጠፍ በድንገት ይሰነጠቃልና እባካችሁ፣ ሞተሩን በአሉሚኒየም የፊት ሹካ ላይ አትግጠሙ። የኋላው ቢሰበር ብስክሌቱ ይቆማል፤ የፊቱ ሲሰበር የሚቀድመው ፊታችን ነው።

ከሞተሩ ወደ ባትሪው። የምሄድበት መንገድ በአንድ ጉዞ 25 ኪሎሜትር፣ ደርሶ መልስ 50 ነው። ፔዳል እየረገጡ በኪሎሜትር 12 ዋት ሰዓት ቢፈጅ 600 ዋት ሰዓት ይሆናል። 13 ረድፍ በተከታታይ፣ በየረድፉ 4 ሴል (ባትሪው የሚሠራባቸው ትንንሽ ባትሪዎች)፣ ሴሉ 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት ከሆነ 655 ዋት ሰዓት ይገኛል። ይበቃል የሚል ሰው የፊት ለፊት ነፋስን ረስቷል፤ ባትሪው እንደሚያረጅም ረስቷል። በየረድፉ 5 ሲሆን 65 ሴል፣ 819 ዋት ሰዓት ይደርሳል፤ እስከ 54.6 ቮልት ጢም አድርጎ መሙላትም ግድ አይሆንም። በ53.3 መቆሙ ዕድሜ ይጨምርለታል። ፍጥነት ላይ ደግሞ ስስት ይሻላል፤ ከ25 ወደ 35 ኪሎሜትር በሰዓት ሲኬድ ነፋሱን ለመግፋት የሚያልቀው ኃይል በየኪሎሜትሩ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ትርፉ በአንድ ጉዞ 17 ደቂቃ ነው።

ግን ባትሪ በድምሩ አይፈረድም። 13ቱ ረድፎች ተከታታይ ስለሆኑ አንዱ ከወረደ የየረድፉን ቮልት የሚጠብቀው የባትሪው መቆጣጠሪያ ሌሎቹ 12 ቢጠግቡም ሁሉንም ያጠፋል። ዛሬ ማታ ቻርጀሩ ከጨረሰ በኋላ 12ቱ 4.10 ቮልት ያሳያሉ፤ 7ኛው 3.98። መለኪያውን ከመቆጣጠሪያው ሶኬት አንስቼ በቀጥታ ሴሎቹን በሚያገናኘው ስስ የኒኬል ብረት ላይ አሳረፍኩት፤ ያው 3.98። ስለዚህ ከረድፉ ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ጥፋት አይደለም።

አንደኛው ጥርጣሬ 4.10 ላይ ማቆሙ ራሱ ነው፤ ብዙ መቆጣጠሪያዎች ረድፎቹን ማመጣጠን የሚጀምሩት 4.2 ሊደርሱ ሲሉ ነው፤ እዚያ ካልደረሱ ልዩነቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የሚያመጣጥኑትም በጥቂት አስር ሚሊአምፔር ስለሆነ አንድ ሌሊት አይበቃውም። ሁለተኛው፣ ቻርጁን በራሱ የሚያፈስ ሴል ነው። ሦስተኛው፣ ከ5ቱ የአንዱ ብየዳ ላልቶ አንዴ እየነካ አንዴ እየለቀቀ ረድፉ አንዳንዴ በ4 ሴል ብቻ እየሠራ ከሆነ ነው። ጥሩ ብየዳ ኒኬሉ በፒንሳ ሲሳብ ተቀድዶ ነጥቦቹን ሴሉ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ መጥፎው ንጹሕ ሆኖ ይላቀቃል። ኒኬሉን ሳይነቅሉ ግን ይህን ማየት አይቻልም።

የሚለያቸው ትዕግሥት ብቻ ነው። 13ቱም እኩል እስኪሆኑ ሞልቶ ማቆየት፣ የመቆጣጠሪያውን ሶኬት መንቀል (እሱም ቀስ እያለ ሊመጥ ይችላል)፣ ከዚያ 3 ቀን ሳይነኩ ማስቀመጥ። ተቀምጦ ከወረደ ሴሉ ነው። ተቀምጦ ካልወረደና ከመንገድ መልስ ከወረደ ብየዳውን ወይም የደከመ ሴልን መፈለግ ነው።

3 ቀን። 7ኛው ረድፍ በ3ኛው ማለዳ ስንት ያሳይ ይሆን?