ዱባ በኦቨን፣ አራተኛው ሙከራ

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ በየቅዳሜው ዱባ በኦቨን እየሞከርኩ ነው። እዚህ ሜሪላንድ በዚህ ወቅት ገበያው ዱባ በዱባ ነው። እኔ የምገዛው አንገቱ ረዘም፣ ልጣጩ ነጣ ያለውን፣ በተርነት የሚሉትን ነው። የዱባ ወጥ እወዳለሁ፣ ግን ድስት ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። የፈለግኩት ጠርዙ ጠቆር ያለ፣ ቅርጹን የያዘ ዱባ ነው።

የመጀመሪያው አልሆነም። ዱባውን ሙሉውን ከትፌ አንድ ትሪ ላይ ደራረብኩት፣ በ350 ፋራናይት 50 ደቂቃ አቆየሁት፣ ሲወጣ ቅቅል ሆነ። ዱባ ውሃ አለው፤ ሲደራረብ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና በራሱ ውሃ ይበስላል።

በሁለተኛው ለሁለት ትሪ ከፈልኩት፣ እሳቱንም ወደ 425 ከፍ አደረግኩ። ጠርዙ አማረ! ግን በርበሬውን ገና ከጅምሩ ከዘይቱ ጋር ለውሼው ስለነበር አረረና መረረ፣ ቤት ያለነው ሁሉ ስናስል አመሸን።

ሦስተኛው ላይ ዱባውን በዘይትና በጨው ብቻ 25 ደቂቃ ጠበስኩት፣ መሃል ላይ አንዴ አገላበጥኩት፣ ከዚያ በርበሬና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት በጥብጬ ቀባሁትና ለ7 ደቂቃ መለስኩት። ጣዕሙ መጣ። እናቴ ቀምሳ፣ «ጥሩ ነው፣ ግን እንጀራው በምን ይርሳል?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ትናንት ቁሌት ጨመርኩበት። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ቀጥሎ በዘይት አቁላልቼ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሬ ውሃ ጠብ እያደረግኩ በደንብ አበሰልኩት። ጎድጎድ ባለ የኦቨን ሳህን ቁሌቱን ከታች፣ አንድ ስኒ የተቀቀለ ሽምብራ በላዩ፣ የተጠበሰውን ዱባ ደግሞ ከሁሉም በላይ አድርጌ በ375 ለ15 ደቂቃ አስገባሁት። ሲወጣ ኮረሪማ ነሰነስኩበት። ከታች መረቁ አለ፣ ከላይ ዱባው አልፈረሰም፣ ጣፋጭነቱም በርበሬውን በደንብ ይችለዋል። እናቴ ሁለቴ አስጨመረች፤ በጣም ደስ አለኝ።

ለምትሞክሩ፣ ልጣጩ ቢላ አልገባ ካላችሁ ዱባውን በሹካ ብዙ ቦታ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አቆዩት፣ ይለሰልሳል። አንገቱን ከሆዱ ለይታችሁ ቁረጡ። አንገቱ ፍሬ ስለሌለው እኩል እኩል ይከተፋል፣ እኔ ለኦቨን እሱን ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ሆዱ ለወጥ ይሄዳል። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ማድረቅም እንዳትረሱ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ካቦቻ ገዝቻለሁ፣ አረንጓዴና ክብ የሆነውን። ሥጋው ውሃ አይበዛበትም፣ ልጣጩም ስለሚበላ ሳልልጥ ልጠብሰው ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ ስንት ደቂቃ እንዳቆያችሁት ጻፉልኝ።