እናቴና የጢያ ድንጋዮች

እሁድ ከጀሞ የወጣነው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ ግን ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነጠላዋን ለብሳ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች። ዓለም ገናን ሳንጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

የነቃችው መልካ ቁንጡሬ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የጥንት ሰው የጠረበውን ባልጩት ስታይ፣ «በልጅነቴ ቆዳ የሚፋቅበት አይደል እንዴ?» አለች። ከሚሊዮን ዓመት በላይ ነው ብላት ምንም አልመሰላትም።

ወደ አዳዲ ማርያም የሚገነጠለው መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታ አለኝ፣ ክሪክ የለኝም። አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን አስሮ፣ ሮጦ ሄዶ ከየትም ከየትም ክሪክ ይዞልን መጣ። ብር ስሰጠው፣ «ለማርያም ብዬ ነው» ብሎ እጄን መለሰው። ጀሞ ቢሆን ገና መኪናውን ሳያይ ዋጋ ይጠራ ነበር። እናቴ የያዘችውን ቆሎ በሙሉ ኪሱ ውስጥ ገለበጠችለት።

ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ነው ይባላል። እናቴ ጨለማው ውስጥ ግድግዳ ስትሳለም ቆየች። ስንወጣ ደረሰኝም ባጅም የሌለው ጎረምሳ ለመኪና ጥበቃ 100 ብር ጠየቀኝ። ተናድጄ ከፈልኩ።

ጢያ የደረስነው ከሰዓት ነው። 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። የድንጋይ ሽበት የወረሰው አንዱ ላይ ጎራዴ ስቆጥር፣ እናቴ ሌላኛውን በመዳፏ እየዳበሰች ነው። አስጎብኚው፣ «እማማ፣ አይንኩት» አላት። ቀጥሎ አንዱን ቅርጽ እያሳየ፣ «እንሰት ነው የሚሉ አሉ» ሲል አላስጨረሰችውም።

«እንሰት ነዋ! እጄ እስኪላጥ የፋቅሁትን አላውቀውም?»

ለአስጎብኚ የከፈልኩት ገንዘብ ቆጨኝ።

ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር እንዳለ፣ ተቆፍሮ ሲታይም ከተቀበሩት አብዛኞቹ ገና ወጣቶች እንደነበሩ ሲነግረን ግን ዝም አለች። ነጠላዋን አደገደገች። መኪና እስክንገባ ቃል አልተነፈሰችም።

ቡታጅራ ክትፎ ጋበዝኳት። ሒሳቡ ሲመጣ ቆጮው ለብቻ ተጽፏል። ከዚያ ጉዞ እስከ ዛሬ ይቅር ያላለችው እሱን ነው።